ጊታሩ ዝም የሚልባቸው ዘጠኝ ቦታዎች

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሽ ፈለቀ፤

የጌታ ሰላም ከመኝታዎ እስከ ሥራ ቦታዎ ይከተልዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ቡሌ ያለችው እናቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ አልደከመም፤ «ያ ልጅ ዛሬም እንደ ቀጠነ ነው?» እያለች ስለ እርስዎ ትጠይቃለች።

ኸድሩ የጭነት መኪናውን በደንብ እንኳ ሳያቆም ደብዳቤዎን በመስኮት ሰጠኝ። «ናይሮቢ ያለው ዘመድሽ ሸክላ የሚቀዱበት ቤት ነው የሚሠራው፤ ጊታር እንደምትጫወቺ ነገርኩት» አለኝ። ማን ንገር አለው? ግን ነገሩ አንዴ ከአፉ ወጥቷል። እርስዎም «እስቲ ምን እንደምትጫወቺ ጻፊልኝ» ብለዋልና ይኸው እጽፋለሁ።

መቼም አያስታውሱኝም። አባቶቻችን የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ እርስዎ ከአገር ሲወጡ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጊታሩን የተወችልኝ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራ የነበረች ነርስ ናት፤ ሦስት ዓመት አስተምራኝ ወደ አገሯ ስትመለስ «ለመዝሙር ይሁንሽ» ብላ ሰጠችኝ። ለመዝሙርም ሆኖኛል። ከመዝሙሩ ሌላ ግን አንድ ዘፈን አለኝ፤ ምን እንደሆነም ከአሁኑ ልንገርዎ፣ በኋላ አላወቅኩም እንዳይሉኝ።

ዜማው ቡሌ ውስጥ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚያንጎራጉሩት ነው። ቃሉን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በቋንቋችን። በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ገበሬው በባለመሬቶቹ ላይ ሲነሣ ሚችሌ ላይ ተገድለው የቀሩትን የሰፈራችንን ሰዎች ስም እጠራበታለሁ። ዘጠኝ ናቸው። ያን ጊዜ ድንኳን ጥሎ ማልቀስ የደፈረ አልነበረም፤ «ሽፍታ ለቅሶ የለውም» ተባልን፣ እናቶቻችንም እንባቸውን ጓዳ ውስጥ ጨረሱት። እኔ ግን አልጨረስኩም። አንድ ስም ላይ ስደርስ ክሮቹን በመዳፌ አፍናቸዋለሁ፤ ጊታሩ ዝም ይላል፤ ስሙን ብቻዬን እጠራለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ። የአባቴ የጂግሶ ስም ሁለተኛ ነው። የአባትዎ የባሬሶ ስም ሦስተኛ ነው።

ገንዘብ አልፈልግም፣ ዝናም አልፈልግም። እነዚያ ዘጠኝ ስሞች በሸክላ ላይ እንዲወጡ ነው የምፈልገው፤ ማንም ሰው መርፌ አስቀምጦ እንዲሰማቸው። ይቻላል ወይስ አይቻልም? ቁርጡን ይንገሩኝ።

እህትዎ አልጣሽ ጂግሶ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልጣሽ፤

እግዚአብሔር ክፉ አያሳይሽ፣ እጅሽንም ይባርክልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አድገሻል! እኔ የማውቃት አልጣሽ አፍንጫዋን በቀሚሷ የምትጠርግ ነበረች። ለእናትሽ አሁን ቦርጭ ማውጣቴን ንገሪልኝ።

ይቻላል። ባለ ስቱዲዮው «ጥሩ ሆኖ የተቀዳ ቴፕ ካመጣህ አዳምጣለሁ» ብሎኛል። እሱ ሰው መጥቶ እንዲቀዳ ነው የሚወደው፤ አንቺ ግን ፓስፖርት እስኪያወጡልሽ ሸምግለሽ ታርፊያለሽ። ስለዚህ ስቱዲዮውን እኔ ልኬልሻለሁ። ኸድሩ የሚያመጣልሽ ሳጥን ውስጥ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ቴፕ አለ፤ አሮጌ ነው፣ ግን ሁለት መስመር ለየብቻ ይቀዳል። ሁለት ማይክሮፎኖች አሉ። በጊታሩ ቀዳዳ ላይ የምትገጠም ፒክአፕ አለች፤ የክሮቹን መንቀጥቀጥ በቀጥታ ትለቅማለች። ሦስቱን የምታቀላቅል ትንሽ ሳጥንም አለች። ሲወርድ አጠገቡ ሁኚ፤ እንደ ቡና እንዳይወረውሩት።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ፣ ይህ እኔ ስምንት ዓመት ገመድ ጠቅልዬ የተማርኩት ነው። ብዙ ሰው ማይክሮፎኑን ጊታሩ ሆድ ላይ ካለው ቀዳዳ ፊት ይደቅነዋል። ስሕተት ነው! እዚያ ድምፁ ይጎላል፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። አንደኛውን ማይክሮፎን አንገቱ ከሆዱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ፊት ለፊት፣ አንድ ስንዝር አርቀሽ አቁሚው። ሁለተኛው ለአፍሽ ነው። ሁለቱ ተጠጋግተው ከቆሙ አንዱ የሌላውን ወፍራም ድምፅ ይበላውና ጊታሩ ቆርቆሮ ይሆናል፤ አንደኛው ከጊታሩ በራቀው ልክ፣ እርስ በርሳቸው ሦስት እጥፍ ይራራቁ። በመካከላቸው ሦስት ስንዝር ማለት ነው። የራስሽን ስንዝር ተጠቀሚ፣ የኸድሩ እጅ ትልቅ ነው።

የሚያስተጋባ ቤት አይሆንም። ጸጥ ያለ ቤት ፈልጊ፤ መጀመሪያ አጨብጭቢ፣ ጭብጨባው ከተመለሰ ውጪ።

ስለ ዘፈኑ ስሰማው እንነጋገራለን።

ወንድምሽ ፈለቀ


ዲላ፣ ጥር 26 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሽ ፈለቀ፤

ለላኩት ሁሉ ጌታ በእጥፉ ይመልስልዎ። እኔ ግን በዚህ አንድ ወር የበላሁትን ፍዳ ልንገርዎና ከምርቃቱ ላይ ትንሽ ይቀንሱ።

መጀመሪያ የጸሎት ቤቱን አዳራሽ ጠየቅሁ። ሽማግሌው አቶ ገሪማ «መዝሙር ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። «እንግዲያስ ጊታሩ ለምን ተሰጠሽ?» አሉኝ። እንዲጮኽ ነው የተሰጠኝ ብዬ ወጣሁ። የኔ ክፍል ደግሞ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ አንድ ጊዜ ባጨበጭብ አምስት ጊዜ ተመለሰልኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት የነዚፍን የቡና መጋዘን ነው፤ የኸድሩ ታላቅ ወንድም ነዚፍን ያውቁታል። አሁን ወቅቱ ነውና ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መሐሉ ላይ ቆሜ ባጨበጭብ ድምፁ እዚያው ሞቶ ቀረ። ደስ አለኝ!

ደስታው ግን ቆየ አይበሉ። ግድግዳው ሥር መፈልፈያ ማሽን አለ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ያገሳል። ነዚፍን ለመንኩት። «ሥራ የማቆመው ዓርብ መስጊድ ስሄድ ብቻ ነው፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል መጋዘኑ ያንቺ ነው፤ እኔ ጸሎቴን አድርሼ እስክመጣ አንቺ ለቅሶሽን ተቀመጪ» አለኝ። ጋሽ ፈለቀ፣ በዚህ ከተማ ለቅሶ መሆኑን ሳልነግረው የገባው እሱ ብቻ ነው። የኔም የትምህርት ቤት ምሳ እረፍት በዚያው ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል አገኘሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፒክአፕዋ ልምጣ። (ነዚፍ «ፒክአፕ ላከልኝ» ብዬ ስነግረው መኪና መስሎት ግቢውን ከፍቶ ጠበቀኝ።) ገጠምናት፣ ገመዱን ሰካን፤ ዝም! ሁለት ዓርብ ሙሉ ፈታን፣ ነፋን፣ ገጠምን። በመጨረሻ ኸድሩ ተናዶ በካቻቢቴው ነካ ሲያደርጋት የቴፑ ድምፅ ማጉያ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ያኔ ገባኝ፤ ይህች ዕቃ የምትሰማው ብረት ብቻ ነው። የኔ ጊታር ክሮች ግን ናይለን ናቸው! እርስዎ ስምንት ዓመት ገመድ ሲጠቀልሉ ይህን አልሰሙም? ወይስ «ምን ዓይነት ክር ነው ያለሽ?» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ቀለም ይጨርሳል?

ስለዚህ በሁለቱ ማይክሮፎን ብቻ ቀዳሁት። ስንዝሬን ለካሁ፤ እንዳሉት ባይሆን ኖሮ እውነትም ቆርቆሮ ይሆን ነበር፣ አስጠግቼ ሞክሬዋለሁና። ቴፑ ኸድሩ ጋ ነው። ዘጠኙም ስሞች አሉበት። ያዳምጡና ምን እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ፤ ስለ ማይክሮፎኑ ማለቴ አይደለም።

እህትዎ አልጣሽ ጂግሶ


ናይሮቢ፣ የካቲት 30 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልጣሽ፤

ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይራቅ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስለ ክሩ ልክ ነሽ፤ ቴፕና ማይክሮፎን ሳሰላ ዋናውን ረሳሁት። እዚህ ያሉት ጊታሮች ሁሉ ባለ ብረት ክር ናቸውና አላሰብኩትም።

ድምፁ ግን! የኛዎቹ ሠራተኞች ቡና መጋዘን ነው ብላቸው አላመኑኝም። ጊታሩ ደረቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ የጣትሽ መንሸራተት ሳይቀር ይሰማል። ባለ ስቱዲዮው ሁለት ጊዜ አስደግሞ አዳመጠው፣ እሱ ደግሞ የራሱን እናት እንኳ አስደግሞ የሚያዳምጥ ሰው አይደለም። ጉድለቱን ልንገርሽ፦ አንደኛ፣ በሁለተኛው ግጥም ላይ አንድ ሰው ያነጥሳል፤ ማነው? ሁለተኛ፣ ድምፅሽ ሲበረታ በጊታሩ ማይክሮፎን በኩልም ይገባል፤ ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል አልቻልንም።

ለዚህ መድኃኒቱ ያቺው ፒክአፕ ናት። የብረት ክሮች ልኬልሻለሁ። አጥብቀሽ አትወጥሪያቸው፣ ጊታሩ የተሠራው ለናይለን ነውና አንገቱ ይጣመማል፤ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ቃኚው። ፒክአፕዋን በግራው መስመር ለብቻዋ አስገቢያት። ሁለቱን ማይክሮፎኖች በሳጥኗ አቀላቅለሽ በቀኙ። አደራሽን አታደባልቂ፤ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ይሁን።

ለእናትሽ አንድ ሻርፕ ልኬያለሁ፣ ለጉልበቷም የሚቀባ መድኃኒት አለበት። ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ጻፊልኝ። ዲላ መብራት ገባላት ወይ? ገበያው አጠገብ ያለው ዋርካስ አለ?

ወንድምሽ ፈለቀ


ዲላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሽ ፈለቀ፤

ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይስጥዎ። እናቴ ሻርፑን ለብሳ ቡሌን በሙሉ ዞረችበት፤ መድኃኒቱንም ተቀብታ «ይሸታል» ብላ ተወችው። ዋርካው አለ።

ያነጠሰችው አሰፋች ናት። በመጋዘኑ ቡና ለቃሚ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ሌሎቹ ወጥተው ሲበሉ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታዳምጠኛለች። የቡናው አቧራ አፍንጫዋን ነካት። ውጪ ብዬ አላስወጣትም፤ ባሏ አራተኛው ስም ነው።

የብረቱ ክር ጣቴን ከፈለው። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ክሮቹ ከታች የሚታሰሩባት እንጨት ከጊታሩ ሆድ ላይ ብድግ ማለት ጀመረች፤ አናጢ ወስጄ በኮላ አስጣበቅኳት፣ እሱም «ይህን ጊታር ምን በደለሽ?» አለኝ። ደህና ሆኖ ሲጠናቀቅ መጋቢት አለቀ። መጋቢት ሲያልቅ ደግሞ ምን ይሆናል? ቡናው ተጭኖ ይሄዳል! አንዱ ዓርብ ገብቼ ባጨበጭብ ጭብጨባዬ ከግድግዳ ግድግዳ ዞረ። ግማሹ ጆንያ አዲስ አበባ ገብቷል። እኛ ደግሞ ባትሪ፣ ክር፣ ኮላ ስንል የነዚፍን ጭነት ማን አሰበው? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ያኔ አሰፋች ወጣችና ለቃሚዎቹን ጠርታ መጣች። ሃያ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ ጆንያው በነበረበት ዙሪያ ተቀመጡ። ባጨበጭብ አልተመለሰም። ሰው ለካ ጆንያን ይተካል! አንዲትም አልተነፈሰችም፣ የሚያነጥስም አልነበረም። እንዳሉኝ ግራውን ግራ፣ ቀኙን ቀኝ አድርጌ ቀድቻለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። በሸክላው ላይ ቋንቋው ሲጻፍ «ደራሳ» እንዳይባል። የአውራጃው ወረቀት ደራሳ ይላል፣ ይበል፤ እኛ ጌዴኦ ነን፣ የኔ ሸክላ ጌዴኦ ይላል። ሁለተኛ፣ ጋሽ ፈለቀ፣ ስለ ጣቴ መንሸራተት ጽፈዋል፣ ስለ ማስነጠስ ጽፈዋል፣ ስለ ዋርካ ሳይቀር ጠይቀዋል። ስለ ስሞቹ አንድ ቃል አልጻፉም። የአባትዎን ስም ሰምተው ዝም ብለዋል። ለምን?

እህትዎ አልጣሽ ጂግሶ


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልጣሽ፤

የመዘግየቴን ነገር እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ዜና ይዤ ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

ዜናው ይኸውልሽ፤ ሸክላው ሊወጣ ነው። ባለ ስቱዲዮው አዲሱን ቴፕ ሲያዳምጥ የግራውን መስመር ብቻ አስከፈተ፤ ማለቴ ፒክአፕዋን። ፒክአፕዋ ክር እንጂ ሰው አትሰማምና ጊታሩ ለብቻው ጥርት ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ አጨዋወት ሰምቼ አላውቅም አለ። እዚህ ፀዳለ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ዘፋኝ አለች፣ ስም እያወጣች ነው፤ በአንቺ ጊታር ላይ የፍቅር ዘፈን በአማርኛ ሞከረችበት። ልብ ይነካል። በደራስኛ የሚዘፈን ሸክላ ማን ይገዛዋል? በአማርኛ ከሆነ ግን ከሞያሌ እስከ አስመራ ይሄዳል። ስምሽ ይጻፍበታል፤ «ጊታር፦ አልጣሽ» ተብሎ። ይከፍሉሻልም፣ የሁለት ዓመት ደመወዝሽ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው። ጊታሩ የሚቆምባቸው ዘጠኝ ቦታዎች አሉ። ፀዳለ እዚያ ስትደርስ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ያንኑ ዜማ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሳታቋርጪ አንድ ጊዜ ተጫውተሽ ላኪልኝ። ጊታሩን ብቻ። መዝፈንም አያስፈልግሽም፣ ማይክሮፎኖቹን ተያቸው፤ ፒክአፕዋ ትበቃለች።

አልጣሽ፣ የኔንም ኑሮ አስቢልኝ። በየዓመቱ ወረቀት የማሳድስ ሰው ነኝ። አንቺ እዚያ ሆነሽ ያሻሽን ትያለሽ፤ እኔን እዚህ ጥያቄ ይጠይቁኛል። የሞቱት አርፈዋል፣ እኛ እንኑርበት።

ወንድምሽ ፈለቀ


ዲላ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለጋሽ ፈለቀ፤

ጤናዎን ጌታ ይጠብቅ። ዛሬ ሌላ ምርቃት የለኝም።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። «ጉድጓድ» የሚለው ላይ ስደርስ ሻርፑን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው። ከኸድሩ ጋር ይመጣልዎታል።

ጉድጓድ አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው። ቀብር ላላገኙ ዘጠኝ ሰዎች እኔ ቦታ አበጀሁላቸው፣ እርስዎ ድፈኚው ይሉኛል። ሁለተኛው አባቴ ነው። ሦስተኛው አባትዎ ነው፣ በትከሻው ተሸክሞ ቡሌ ገበያ ይወስድዎ የነበረው ባሬሶ። እዚያ ላይ ነው ፀዳለ ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ የምትዘፍነው? እሷን አልወቅሳትም፤ በማን ላይ እንደቆመች የነገራት የለም። እርስዎ ግን ያውቃሉ። ቋንቋውን ያውቃሉ። ሰምተውታል።

«ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ይሁን» ያሉኝ ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ከመጀመሪያው አስበውት ነው ወይስ በኋላ መጣልዎት፣ አልጠይቅም። የሚገርመኝ እኔ ነኝ፤ ጣቴን አድምቼ፣ በስንዝር ለክቼ፣ የገዛ ድምፄን ከገዛ ጊታሬ ለይቼ በሥርዓት አሽጌ የላክሁልዎ!

ኸድሩንም ጠየቅሁት፣ መቼም አፉ አያስችለውም። እዚያ ወረቀትዎ ላይ «ፈለቀ ኃይለኢየሱስ» ይላል አለኝ። ኃይለኢየሱስ ማነው? መኪናው ላይ ደብቆ ያሻገረዎት ሰው ነው አሉ፤ እግዜር ይስጠው። ግን ውለታ የዋለን ሰው ሁሉ አባት አይሆንም። ፈርተው ነው፤ ይገባኛል፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላዎት ልጅ ነበሩ፣ እኔም በዚያ ቀን እንሰት ሥር ተደብቄ ነበር። አሥር ዓመት ግን ረዥም ነው። እኔ ከእንሰቱ ሥር ወጥቻለሁ።

አሁን የላክሁልዎን ይስሙ። ባለፈው ዓርብ እንደገና ቀዳሁ። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ አንድ ጆንያ የለም፤ ክረምቱም ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ቢያጨበጭቡበት ሰባት ጊዜ ይመለሳል፤ ይመለስ! አንድ ማይክሮፎን ብቻ መሐል ላይ አቆምኩ። ናይለኑን ክር መለስኩ። ለቃሚዎቹ በሙሉ መጡ፣ እናቴም ከቡሌ ወርዳ መጣች፣ ከዘጠኙ የሦስቱ ሚስቶችም መጡ። አቶ ገሪማ ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሰባተኛው ስም የወንድማቸው ነው፣ እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግረው አያውቁም። እኔ ክሮቹን ሳፍን ስሙን የምጠራው ብቻዬን አይደለሁም፣ መጋዘኑ በሙሉ ነው የሚጠራው። ነዚፍ ከመስጊድ ተመልሶ ማሽኑን ሳያስነሳ እስክንጨርስ ደጅ ላይ ጠበቀን።

ግራ የለውም፣ ቀኝ የለውም። ዝናቡ፣ ጊታሩ፣ ሴቶቹ፣ የአሰፋች ማስነጠስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው ያለው። ከዚህ ውስጥ ጊታሩን ብቻ የሚያወጣ ማሽን ናይሮቢ ካለ ያውጡት። ካላወጡት እንዳለ ያትሙት ወይም ይተዉት፤ ፀዳለ የዘፈነችበትን ግን አልፈቅድም፣ ይህን ለባለ ስቱዲዮው ቃል በቃል ይንገሩልኝ። የሁለት ዓመት ደመወዜን እዚህ በሁለት ዓመት አገኘዋለሁ።

ፒክአፕዋንና የብረቱን ክር መልሻለሁ። መቅጃውን ቴፕና አንዱን ማይክሮፎን አስቀርቻለሁ፤ ዋጋውን ይጻፉልኝ፣ እከፍላለሁ። ሥራ አለኝ፤ ከሌሎች መንደሮች፣ ከወርቃም፣ ከኢዲዶም ሰዎች እየመጡ «የኛም ስሞች አሉ» ይሉኛል።

አልጣሽ ጂግሶ


ናይሮቢ፣ መስከረም 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልጣሽ፤

አዲሱ ዓመት የእውነት ዓመት ይሁንልሽ። ለእናትሽ ሻርፑን መልሼ ልኬዋለሁ፤ እምቢ ካለች ለአሰፋች ይሁን።

ቴፑን የሰማሁት ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም፣ አልደፈርኩም። ከዚህ ወደ ዲላና ይርጋ ጨፌ የሚመላለሱ ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት አለ፤ እዚያ ይዤው ሄድኩና ምሳ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ስም ሲጠራ ወሬው ቆመ። ሁለተኛው ላይ አንዱ ሾፌር እጁን ከሳህኑ አነሳ። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ በሙሉ «ባሬሶ!» ሲሉ እግሬ ብቻውን ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም። ሰው ሁሉ አየኝ። ኸድሩ «ምን ሆንክ?» አለኝ፣ አውቆ ነው። «አባቴ ነው» አልኩ። አልጣሽ፣ አሥር ዓመት ያላልኩት ቃል ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከመጀመሪያው አላሰብኩትም። ግራው ግራ ይሁን ያልኩሽ ለጥራት ብዬ ነበር። ግን የግራውን መስመር ብቻ ስንከፍት፣ ስሙ የነበረበት ቦታ ዝም ሲል፣ ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ። ከዚህ የባሰ ነውር የለኝም፤ ይህንንም ነግሬሻለሁ፣ የቀረኝ ነገር የለም።

ለባለ ስቱዲዮው መልእክትሽን ቃል በቃል ነገርኩት። «ዘጠኝ የሞቱ ሰዎችን ስም ማን ይገዛል?» አለኝ። አይሸጥም አልኩት። ፀዳለን ራሴ ሄጄ ነገርኳት፤ የዘፈነችበትን ቴፕ ከእጄ ተቀብላ ራሷ አጠፋችው። እኔም ከሥራ ወጣሁ፤ ተባረርክም ቢሉኝ ያው ነው። ከመውጣቴ በፊት ግን ያንቺን ቴፕ በስድስት ጥቅል ገልብጬዋለሁ። በሸክላ አልወጣም፣ በዚህ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ቴፕ ያለው ሻይ ቤት ግን ከሞያሌ እስከ ዲላ ስድስት አይጠፋም፤ ኸድሩ በየደረሰበት አንድ አንድ ያስቀምጣል። ጥቅሎቹ ላይ «ጌዴኦ» ብዬ ጽፌያለሁ።

የማይክሮፎኑን ዋጋ አልጽፍልሽም፣ ሁለተኛውንም ይዤልሽ እመጣለሁ። በወሩ መጨረሻ ከኸድሩ ጋር እነሳለሁ። ሞያሌ ላይ ስሜን ሲጠይቁኝ እውነተኛውን እሰጣቸዋለሁ፤ ኸድሩ «ዝም በል፣ እኔ ልናገር» ይላል፣ እምቢ ብዬዋለሁ። ቢያቆዩኝ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩኛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የት እንዳለሁና በማን ስም እንደገባሁ ታውቂያለሽ።

ካላቆዩኝ ግን ጥቅምት ውስጥ በአንዱ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። ሴቶቹን ሰብስቢያቸው። ሦስተኛው ጋ ስትደርሺ ክሮቹን አፍነሽ ሁላችሁም ዝም በሉ፤ እሱን እኔ እጠራዋለሁ።

ወንድምሽ ፈለቀ ባሬሶ